ሊድና ቦክስ ጊታር ለሚቀያይር ተጫዋች፦ የትኛው ዕቃ ይሻላል?

ደብረ ብርሃን ሆቴል ውስጥ ይሥሩ፣ መሐል ሜዳ ሠርግ ይሂዱ፣ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ይወስኑ፦ ሁለቱ ጊታሮች (ሊዱ ማለትም ኤሌክትሪኩ፣ ቦክሱ ማለትም አኩስቲኩ) ድምፅ ማቀላቀያው ሚክሰር ላይ የየራሳቸው ቻናል ወይም መግቢያ መስመር ይኑራቸው። በአንድ ቻናል ከገቡ፣ ሳውንድ ማኑ የቦክሱን ፊድባክ (ከስፒከሩ ተመልሶ የሚመጣውን ጩኸት) ለማጥፋት ቤዙን ሲቀንስ ሊዱም አብሮ ይሳሳል።

ቦስ ጂቲ-1 የተባለው የኢፌክት ፔዳል የጊታር መግቢያው አንድ ብቻ ነው። በ4 ባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራ ግን መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር እስኪነሳ አይጠፋም። ለሊዱ ብቻ ይተዉትና ለቦክስ ጊታሩ አክቲቭ ዲአይ ቦክስ (የጊታሩን ሲግናል ለሚክሰሩ የሚያመቻች፣ በኃይል የሚሠራ ትንሽ ሳጥን) ይግዙ፤ በትንሽ ገንዘብ ሁለት ቻናል የሚገኘው እንዲህ ነው።

ኤችኤክስ ስቶምፕ የተባለው ሌላ የኢፌክት ፔዳል ግራና ቀኝ መግቢያ አለው፤ ሁለቱንም ጊታር ብቻውን ይችላል። ስፕሊቱን (ድምፁን ወደ ኤ እና ቢ መስመር የሚከፍለውን) ከብሎኮቹ ማለትም ከኢፌክቶቹ ሁሉ ፊት ያስቀምጡ፣ የ“ኤ”ን መስመር ወደ ግራ 100፣ የ“ቢ”ን ወደ ቀኝ 100 ያዙሩ፤ መጨረሻ ላይ መስመሮቹን የሚያገናኘውን ሚክስም እንዲሁ። ከስፕሊቱ በፊት ሞኖ ብሎክ ከገባ ሁለቱ ድምፆች ይቀላቀላሉ። ካቢኔት ሲሙሌሽን (የአምፕ ስፒከር ድምፅ አስመሳይ) በሊዱ መስመር ብቻ ይግባ፤ ያለ እሱ ዲስቶርሽኑ (የሊዱ ሻካራ ድምፅ) ሞንታርቦ ላይ እንደ ንብ ይጮኻል፣ ቦክሱ ላይ ከዋለ ደግሞ የክሩን ጥራት ያፍናል። 9 ቮልት 3 አምፔር ስለሚፈልግ ተራ የፔዳል አዳፕተር አይበቃውም።

በድምፅ ጥራት ግን ለሊዱ አምፕ (የጊታር ማጉያ) ይበልጣል። ፌንደር ብሉዝ ጁኒየር የተባለው ባለ ቱቦ (ቫልቭ) አምፕ 15 ዋት ነው፤ ኤስኤም57 ማይክ ከስፒከሩ መሐል ትንሽ ወደ ጎን አድርገው ያስጠጉለት። ትዝታን ቀስ ብሎ ለሚጫወት ጣት የቱቦው ምላሽ ልዩ ነው። 14 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ ቱቦውም የኮረኮንች መንገድ አይወድም። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ከጀርባው ያለውን ቮልት ያንብቡ፦ 120 የሚል አምፕ ያለ ትራንስፎርመር 220 ላይ ከተሰካ ይቃጠላል።

ለቦክሱ ያለ ኃይል ከሚሠራው ፓሲቭ ዲአይ ይልቅ አክቲቩን ኤል አር ባግስ ፓራ ዲአይ ይምረጡ። የቦክሱ ፒየዞ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት የሚቀበለው) ከፍተኛ የመግቢያ ኢምፒዳንስ (ለሲግናሉ የሚሰጥ ተቃውሞ) ይፈልጋል፤ ፓራው 10 ሜጋ ኦም ሲኖረው ፓሲቩ እጅግ ያንሳል፣ ስለዚህ ቤዙ ይጠፋል። ሞንታርቦው ጎርነን ብሎ መጮህ ሲጀምር መጀመሪያ የፓራውን የፌዝ ማብሪያ (የድምፅ ሞገዱን የሚገለብጠውን) ይገልብጡ፤ ካልቆመ ኖቹን (አንድ ጠባብ ድምፅ ብቻ የሚቀንሰውን ማዞሪያ) ከ100 እስከ 200 ኸርዝ መሐል ቀስ ብለው እያዞሩ ጩኸቱ የሚከስምበትን ቦታ ይፈልጉ። የጊታሩን ቀዳዳ በጎማ ክዳን መዝጋትም በእጅጉ ይረዳል።

ከደብረ ብርሃን ብርድ ጣርማ በርን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ሲገባ የብረት ክር ይላላል፤ መቃኘቱ ጊታሩ መድረኩ ላይ ካረፈ ግማሽ ሰዓት በኋላ ይሁን።