«ቪፒኤን የተጫነበት ራውተር» ሊሸጡላችሁ ለመጡት ብር ከመላካችሁ በፊት

የድሬ ልጆች፣ ሰሞኑን በከተማችን አንድ ዕቃ እየዞረ ነው። ዋይፋይ የሚያሰራጭ ተራ የቤት ራውተር ነው። ሻጩ ግን «ቪፒኤን ተጭኖበታል፣ አንዴ ከከፈላችሁ ዕድሜ ልክ ነው» ይላል። ቪፒኤን ማለት ኢንተርኔታችሁን መስጥሮ ሰርቨር በሚባል ሌላ ቦታ ባለ ኮምፒውተር በኩል የሚያሳልፍ ነው። ሱቅ የለውም። ይደወልለታል፣ በባጃጅ ያመጣል፣ ሰክቶ ያሳያል፣ ብሩ በስልክ ይላክለታል፣ ይሄዳል። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። የሚጠይቀው ዋጋ ታይዋን ገበያ ገብታችሁ ያንኑ ራውተር ከምትገዙበት እጥፍ ገደማ ነው።

አትግዙ። ለምን እንደምል በዝርዝር ልንገራችሁ።

ሰፈር ውስጥ ዋይፋይ ሲያስቸግር ከሚጠሩት ሰዎች አንዱ ስለሆንኩ እነዚህን ራውተሮች ከፍቼ የማየት ዕድል አግኝቻለሁ። ሳቢያን ያለችው የአክስቴ ልጅ «ቀን ቀን ደህና ነው፣ ማታ ግን ይቆራረጣል» አለችኝ። ከዚያው ሰው የገዛ ከዚራ የሚኖር ወዳጄም አለ። የእሱም ችግር ያው ነው፣ እሱም ማታ ማታ ነው። የሁለቱንም የማስተካከያ ገጽ ከፈትኩ። የተጫነው ዋየርጋርድ የሚባለው የቪፒኤን ዘዴ ነው። ዋየርጋርድ ራሱ ጥሩ ነገር ነው፤ ከፈረንጆቹ 2020 ጀምሮ ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት እምብርት (ከርነል) ውስጥ የገባ፣ ቀላልና ፈጣን ነው። ደንበኛን የሚለየው ግን በስም ወይም በይለፍ ቃል ሳይሆን በምስጢር ቁልፍ ነው። ቁልፉ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት፣ 44 ምልክት ያለው፣ መጨረሻው በእኩል ይሆናል ምልክት የሚዘጋ ጽሑፍ ነው። የሁለቱን ቤት ቁልፍ ጎን ለጎን አድርጌ አነበብኩት። ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አንድ ነው።

ይህ ማለት ሰርቨሩ ሳቢያን ያለውንና ከዚራ ያለውን ቤት እንደ አንድ ደንበኛ ያያቸዋል ማለት ነው። መልሱን የሚልከው መጨረሻ ላይ ላነጋገረው ነው። ሁለቱም ቤት ቪዲዮ ከከፈቱ መስመሩ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይላል፣ ሁለቱም ይቆራረጥባቸዋል። ቀን ላይ የሚሠራው አንዱ ቤት ሰው ስለሌለ ነው። ሻጩ ሲጠየቅ «የኔትወርክ ችግር ነው፣ ታገሡ» ይላል። የኔትወርክ ችግር አይደለም። ለአንድ ሰው የተዘጋጀ፣ ቁልፉን የያዘ ፋይል ለስንት ቤት እንደተሸጠ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

«ዕድሜ ልክ» የምትለዋንም ልብ በሉ። ቪፒኤን የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ሌላ አገር ባለ ሰርቨር ነው፣ ሰርቨር ደግሞ ኪራይ አለው፣ ኪራዩም በየወሩ ወይም በየዓመቱ ይከፈላል። አንዴ ብር የተቀበላችሁ ሰው ለእናንተ ዕድሜ ልክ ኪራይ ሊከፍል አይችልም። ወይ አዳዲስ ገዢ እያመጣ በዚያው ሰርቨር ላይ ይጨምራል፣ ወይ አንድ ቀን ይዘጋዋል። ያኔ ስልኩ አይነሳም።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ቪፒኤን የሚመሰጥረው ከእናንተ ራውተር እስከ ሰርቨሩ ድረስ ብቻ ነው። ከሰርቨሩ ወዲያ እንደማንኛውም ኢንተርኔት ነው። ስለዚህ የቴሌኮም ድርጅቱ ያይ የነበረውን አሁን የሰርቨሩ ባለቤት ያየዋል። የባንክ አፕና ብዙዎቹ ድረ ገጾች ራሳቸው ስለሚመሰጥሩ የይለፍ ቃላችሁ እንዲሁ ሜዳ ላይ አይወድቅም። ግን የትኛውን ድረ ገጽ፣ በስንት ሰዓት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደከፈታችሁ ሊታይ ይችላል። ራውተር ላይ ሲሆን ደግሞ የአንድ ስልክ ጉዳይ አይደለም። የልጆቹ ታብሌት፣ የእናት ስልክ፣ ቴሌቪዥኑ፣ እንግዳው ሳይቀር ሁሉም በዚያ ያልፋል። ይህን ሁሉ ስሙንና አድራሻውን ለማታውቁት ሰው ነው የምትሰጡት።

በዚህ ላይ ያየኋቸው ራውተሮች ከርቀት የመቆጣጠሪያው አማራጭ ክፍት ነበር። የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃልም ያስገባው ሻጩ ነው፣ ስለዚህ እሱም ያውቀዋል። የግቢያችሁን ቁልፍ ያስቀረጸ ሰው ቅጂውን ኪሱ ከትቶ እንደመሄድ ነው። ራውተር ለጠላፊዎች ምን ያህል ተፈላጊ እንደሆነ ለማወቅ የፈረንጆቹን 2018 ማስታወስ ይበቃል፦ ቪፒኤንፊልተር የተባለው ቫይረስ በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 የቤትና የትንንሽ ቢሮ መሣሪያዎችን ይዞ ነበር።

ሌላም ዓይነት አለ። አንዳንዱ ራውተር ላይ ፒፒቲፒ የሚባለው አሮጌ ዘዴ ነው የተሞላው። የዚህ ምስጠራ ሊሰበር እንደሚችል በፈረንጆቹ 2012 በአደባባይ ታይቷል። አፕል በፈረንጆቹ 2016 ከስልኮቹ አውጥቶታል። ለዚህ ብር መክፈል ከንቱ ነው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ምንም ሳይሞላ «ቪፒኤን ሰርቨር» የሚለውን ሜኑ ብቻ የሚያሳየው ነው። ያ አማራጭ ከውጭ ሆናችሁ ወደ ራሳችሁ ቤት ኔትወርክ ለመግባት የተሠራ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ራውተሩን ከውጭ ሰርቨር ጋር የሚያገናኘውን «ቪፒኤን ክላይንት» የሚለውን ነው፣ ብዙ ርካሽ ራውተሮች ላይ ደግሞ የለም።

«ፍጥነት ይጨምራል፣ ዳታም ይቆጥባል» የሚሉትም ሐሰት ነው። 5 ሜጋ መስመር ካላችሁ ቪፒኤን 10 ሜጋ አያደርገውም። እንዲያውም መረጃው አውሮፓ ያለ ሰርቨር ደርሶ ስለሚመለስ ይዘገያል፣ ርካሽ ራውተር ውስጥ ያለው ፕሮሰሰርም ምስጠራው ይከብደዋል። ዳታውም ቢሆን ዋየርጋርድ በየፓኬቱ (መረጃው ተከፋፍሎ በሚላክበት በእያንዳንዱ ቁራጭ) ላይ 60 ባይት ገደማ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ቪፒኤን በእውነት የሚያስፈልጋችሁ ካለ፣ ለምሳሌ ከቤት ሆናችሁ ለውጭ ድርጅት የምትሠሩ ከሆነ፣ መንገዱ ከባድ አይደለም። ለአንድ ሁለት ስልክ ከሆነ አፑን ስልኩ ላይ ብቻ ጫኑ፣ ራውተር መንካት አያስፈልግም። ፕሮቶን ቪፒኤን የተባለው አገልግሎት ነጻ አማራጭ አለው፣ የዋየርጋርድ ፋይልም ከራሳችሁ አካውንት ታወርዳላችሁ። ራውተር ላይ ይሁን ካላችሁ ክላይንት ያለውን ራውተር መርጣችሁ ግዙ፣ አካውንቱን በራሳችሁ ኢሜይል ክፈቱ፣ ፋይሉን ራሳችሁ አስገቡ። የሚያግዛችሁ ሰው ብትጠሩ ችግር የለውም፤ አጠገቡ ተቀመጡና ሲጨርስ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ራሳችሁ ቀይሩ። ሻጭ ሲመጣም «አካውንቱ በማን ኢሜይል ነው የተከፈተው?» ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል። ደረሰኝም ጠይቁ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ አስቀምጧል፤ ያለ ደረሰኝ ለአቤቱታ የምትይዙት ነገር የለም።

ቀድማችሁ የገዛችሁ አቦ አትደናገጡ፣ ራውተሩ ራሱ ይጠቅማል። መጀመሪያ የመስመራችሁን መለያና የይለፍ ቃል ወረቀት ላይ ያዙ፣ አለበለዚያ ኢንተርኔቱን መልሶ ማስገባት ያስቸግራችኋል። ከዚያ ከኋላ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ነገር 10 ሰከንድ ያህል ተጫኑ፤ ይህ ሪሴት የሚባለው ነው፣ የሞላውን ሁሉ አጥፍቶ ራውተሩን እንደ አዲስ ያደርገዋል። ሲነሳ የአምራቹ ሳይሆን ሌላ መልክ ያለው ገጽ ከመጣ ሶፍትዌሩ ተቀይሯል ማለት ነው፤ ያን ሪሴት አያጠፋውም። ከአምራቹ ድረ ገጽ የራሱን ሶፍትዌር ማውረድ አለባችሁ። ሥሩ ላይ የተለጠፈውን ሞዴልና የሥሪት ቁጥር አይታችሁ ልክ የዚያኑ አውርዱ፤ ከተሳሳታችሁ ራውተሩ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። በመጨረሻ ከርቀት የመቆጣጠሪያውን አማራጭ ዝጉ፣ የአስተዳዳሪውንም የዋይፋዩንም የይለፍ ቃል ቀይሩ።

ሪሴት አድርጋችሁ ቁልፉን ከማጥፋታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጉ። የቁልፉን ገጽ ፎቶ አንሱና ከዚያው ሰው የገዛ ጎረቤት ካለ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ፊደላት አስተያዩ። ሙሉውን ቁልፍ ለማንም አትላኩ። አንድ ሆኖ ከተገኘ ብራችሁን ለማስመለስ አብራችሁ ሂዱ፣ የላካችሁበትን የስልክ መልእክትም አታጥፉ።