አሥር ወር ከስፒከሮቼ ጋር፦ ጥፋተኛው ሶፋው ነበር

ሁለት ቋሚ ስፒከሮች፣ አንድ አምፕሊፋየርና አንድ ማጫወቻ ሳሎኔ ከገቡ አሥር ወር ሞላቸው። ማጫወቻው አንድም ቀን አላስቸገረኝም፣ ሪሞቱም ይሠራል፤ ስለ እነሱ ይህ ይበቃል። እኔን አሥር ወር ሙሉ ያናደደችኝ አንዲት ክር ናት፤ የቤዝ ጊታር ወፍራሟ ክር።

ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር ላይ ይህች ክር ሳትያዝ ስትመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ትርገበገባለች። ሶፋዬ ላይ ስቀመጥ ድምፅዋ የለም። ደከመ ወይም ቀጠነ አላልኩም፤ የለም። ሙዚቀኛው ወደ ታች ሲወርድ አብሬው እወርድና፣ በጨለማ የመጨረሻዋን ደረጃ እንደሳተ ሰው ባዶ እረግጣለሁ። ከእሷ አንድ ኦክታቭ ከፍ የምትለው፣ ማለትም በእጥፍ ፍጥነት የምትርገበገበው፣ 82 ሄርዝ (በሰከንድ 82 ጊዜ) ላይ ያለችው ድምፅ ደግሞ ባዶ በርሜል የተመታ ይመስል ታጓራለች።

ባለቤቴ ከሶፋው ኋላ፣ ከኋለኛው ግድግዳ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ልብስ እየተኮሰች፣ «ኧረ ይህን ጉርምርምታ ቀንስልኝ፤ ደረቴ ውስጥ ገባ እኮ!» ትለኛለች። «የቱን ጉርምርምታ? እኔ እንዲያውም ጠፍቶብኝ ነው» እላታለሁ። በአንድ ክፍል ውስጥ ሆነን፣ አንድ ሙዚቃ እየሰማን፣ ወራት እንዲህ ተከራከርን።

ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። «አቅም አንሶት ነው» አለኝና ባለ 80 ዋቱን አምፕሊፋየር በባለ 160 ለወጠልኝ። ልዩነቱን በእርግጥ ከፈልኩ። አሁን ፊት ለፊቴ ቢቆም የምጠይቀው አለኝ፦ ወንድሜ፣ ዋት እጥፍ ሲሆን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ፣ ጆሮ በጥቂቱ የሚለየው ያህል፣ መሆኑን ታውቅ ነበር? ካወቅህ ለምን አልነገርከኝም? ካላወቅህ ደግሞ ለምን ትሸጣለህ? ስለ ገመዱማ አታናግረኝ። «ቤዙን የሚያንቀው ገመድዎ ነው» ብለህ እንደ እባብ የወፈረ ነገር አሸከምከኝ። የእኔ ገመድ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ነበር፤ ርዝመቱ 3 ሜትር። ደርሶ መልስ ቢሰላ ተቃውሞው 0.05 ኦም እንኳን አይሞላም። 8 ኦም ለሆነ ስፒከር ይህ ምን ሊያንቅ ነው? ለማያውቅሽ ታጠኚ!

መልሱን ያገኘሁት በጉልበቴ ነው። አንድ ምሽት ሪሞቱ ከሶፋው ኋላ ወደቀ። ሙዚቃው እየተጫወተ ልፈልገው ከጠረጴዛው ሥር ተንበርክኬ ስገባ፣ ያቺ የጠፋችው ድምፅ ከፊቴ ብቅ አለች፤ ሙሉ፣ ክብ፣ ሞቅ ያለች። ወደ ሶፋው ስመለስ ጠፋች። እንደገና ወደ ጠረጴዛው፤ መጣች። ባለቤቴ በሩን ከፍታ አራት እግሬን ስድህ አየችኝና «ምን ጠፋብህ?» አለችኝ። «ቤዙ!» አልኳት።

በማግስቱ ሜትር አወጣሁ። ሳሎኑ ከፊት ግድግዳ እስከ ኋላ ግድግዳ 4.15 ሜትር ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህን ለርዝመቱ እጥፍ፣ ለ8.30 ስናካፍለው 41 ይመጣል። የእኔው ክር! በዚህ ሄርዝ የሚሄደውና ከግድግዳ ተላትሞ የሚመለሰው ድምፅ ግድግዳዎቹ ሥር ይደራረባል፣ መካከል ላይ ደግሞ ይጣፋል። 82 ላይ ግን መካከሉ ራሱ ማበጫው ነው። እኔስ ሶፋዬን የት አስቀምጫለሁ? ድብን አድርጌ መካከል ላይ። አምፕሊፋየሩን ባስጮኽኩት ቁጥር የሚያጣፋውም እኩል ይጮኻል፤ 160 ዋት ይቅርና 1,000 ቢሆን ያው ነው። ባለቤቴ ደግሞ ግድግዳው ሥር ቆማ እኔ ያጣሁትን ሁሉ ትቀበል ነበር። ወፍራም ምንጣፍም አንጥፌ ነበር፤ የቀጫጭን ድምፆችን ማስተጋባት አስታገሰ፣ የሞገድ ርዝመቱ ከ8 ሜትር የሚበልጥ ቤዝን ግን ምንጣፍ ምን ያደርገዋል?

ጠረጴዛውን አንስቼ ሶፋውን 75 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ገፋሁት። በቃ። ክሯ ተመለሰች፣ በርሜሉም ዝም አለ። ጣት የሚንሸራተትባት ስርቅርቅታ እንኳን ተለይታ ትሰማኛለች። እነዚህን ስፒከሮች ልመልሳቸው ካርቶናቸውን ከመጋረጃ ኋላ አቆይቼ ነበር፤ ያን ዕለት ቀድጄ ጣልኩት። አሁን ማንም ቢመጣ አልሰጣቸውም። በአምፕሊፋየሩ ግን እስከ ዛሬ እቃጠላለሁ፤ ባለ 80ው ይበቃኝ ነበር። ሻጩ ከገዛሁበት ቀን ጀምሮ ስለ ዋት፣ ስለ ገመድ፣ ስለ ቀለም እንኳን ጠይቆኛል፤ «የሚቀመጡት የት ነው?» ብሎ ግን አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

ጠረጴዛው መኝታ ቤት ገብቷል። ባለቤቴም እዚያው ትተኩሳለች፤ በሩን ዘግታ።