ብሬሱን (የእግር መደገፊያውን) ላድርገው ወይስ ይቅርብኝ?

ሻርኮ ማሪ ቱዝ የነርቭ ሕመም ነው። ስሙን ያገኘው በ1886 እ.ኤ.አ. ከገለጹት 3 ሐኪሞች ነው። የእግርን ጫፍ ወደ ላይ የሚያነሳው ጡንቻ ስለሚደክም፣ እግር ወደ ታች ይንጠለጠላል።

ያለ ብሬስ የፈለግከውን ጫማ ታደርጋለህ። ግን እንዳትደናቀፍ ጉልበትህን ከፍ እያደረግክ ትራመዳለህ፤ ይህ ደግሞ ያደክማል። ወጣ ገባ መንገድ ላይማ ዓይንህ ከመሬት አይነሳም።

ከጉልበት በታች የሚታሰረው ብሬስ የእግርህን ጫፍ ደግፎ ይይዘዋል። ቀና ብለህ፣ እያወራህ ትሄዳለህ። ችግሩ ሰፋ ያለ ጫማ ይፈልጋል፣ በሙቀት ያልባል፣ ደረጃ መውረድም ልምምድ ይጠይቃል። እግርህ ስሜቱ ከቀነሰ ሳይታወቅህ ሊልጥህ ስለሚችል ማታ ማታ ቆዳህን እይ። የሰው ዓይን? እሱን እንኳ ሱሪ ይሸፍነዋል።

እኔ ብሆን ለረጅም መንገድ አደርገዋለሁ፤ ለአጭሩ ግን እንደ ቀኑ ድካሜ።