እንግሊዝ መሃል ወይስ አፍሪካ?

እንግሊዝኛ የሚያጠና የአፍሪካ ተማሪ ዓለምን ከየት ቆሞ ያያል? ይህ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1968 በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትልቅ ክርክር አስነሥቶ ነበር።

አንደኛው አማራጭ ነባሩ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ነው። ማዕከሉ የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ነበር። ጥቅሙ አይካድም። ተማሪው አስተውሎ ማንበብንና ሐሳቡን በማስረጃ መደገፍን ይለምዳል። የሚያሳስበኝ ሚዛኑ ነው። ትልቅ ሥራ ሁሉ ከለንደን የሚመጣ ይመስለዋል። የአያቱ ተረት የልጅ ማስተኛ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ቀስ በቀስ የገዛ አገሩን በባዕድ ዓይን ማየት ይጀምራል።

ሁለተኛውን ያቀረቡት ሦስት የምሥራቅ አፍሪካ ምሁራን፣ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፣ ሄንሪ ኦዉር አንዩምባ እና ታባን ሎ ሊዮንግ ናቸው። የእንግሊዝኛ ክፍሉ ይቅር፣ አፍሪካ መሃል ትሁን አሉ። የቃል ግጥምና ተረትም በወጉ ይጠና አሉ። የአውሮፓን ሥነ ጽሑፍ አልጣሉም፤ ቦታውን ነው የቀየሩት።

እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ከራሱ ተነሥቶ ሌላውን የሚያነብ ተማሪ ማወዳደር ይችላል፤ ያኛው ግን ማድነቅ ብቻ ይቀናዋል።

ጉዳዩ እኛንም ይነካል። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። አንድ የእንግሊዝኛ ተማሪ ሰምና ወርቅን በቅጡ ሳይመረምር ሊመረቅ ይችላል፤ ይህ በእውነት ያሳዝነኛል። በግጥም ኮርሱ ላይ አንድ የቅኔ መምህር ቢጋበዝለት ምን አለበት?