ከፒክአፔ ጋር 14 ወር፦ ብልጭ ድርግም የምትለዋ የፎር ዊል መብራት

ይቺን ደብል ጋቢና ያገለገለች ሆና ከገዛኋት 14 ወር ሞላኝ። ናፍጣ ናት፤ ማርሿ በእጅ ነው። ሥራዬ የበግ ንግድ ነው። መሐል ሜዳ ዙሪያ ካሉ ገበያዎች እገዛና ደብረ ብርሃን አወርዳለሁ። ማርካዋን አልጠራም። የማወራው ችግር ፎር ዊሉ፣ ማለትም አራቱንም ጎማ የሚያዞረው፣ በቫኪዩም (በአየር መሳብ ኃይል) የሚገባ ማንኛዋም ፒክአፕ ላይ ሊመጣ ይችላል።

ደግ ደጉን ቶሎ ልጨርስ። ሞተሯ አላስቸገረኝም። በዚያ ሁሉ የደብረ ብርሃን ውርጭ አንድ ጠዋት እንኳ አልነሳ አላለችም። ባዶዋን ኮረኮንች ላይ ታዘልላለች፤ በጎቹ ሲጫኑ አደብ ትገዛለች። የኋላ ወንበሯ ለሰው የተሠራ አይመስለኝም። በቃ፣ ይኸው ነው።

አሁን ወደ መብራቷ። ዘጠነኛው ወር ላይ፣ ሐምሌ አጋማሽ፣ ፎር ዊል ሳስገባ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት አልረጋ አለች። ድሮ ሁለት ሦስቴ ብልጭ ብላ ቀጥ ትላለች። አሁን ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም። ማርሹ እንደገባ በእጄ ይሰማኛል። ስለዚህ «የቀወሰችው መብራቷ ናት» ብዬ ተውኳት።

በሳምንቱ ዋልካ ውስጥ ተቀረቀርኩ። የኋላ ጎማዎች ጭቃ ይረጫሉ፤ መኪናዋ ንቅንቅ የለም። ዳር ቆሞ የሚያይ አንድ እረኛ ልጅ ጎንበስ አለና «ጋሼ፣ የፊቱ እኮ አይዞርም» አለኝ። እውነቱን ነበር። በበሬ ተጎትቼ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ጋራዥ «አምፖሉን ነቅለህ ተገላገል» አለኝ። ሁለተኛው ደግሞ «ካምቢዮው ወርዶ ይከፈት» ብሎ እንቅልፍ የሚነሳ ዋጋ ጠራ። ተመልሼ የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ ይዤ ተቀመጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎር ዊል ስናስገባ ሥራው በሁለት ቦታ ነው የሚያልቀው። በእጃችን የምናስገባው ማርሽ ኃይሉን ወደ ፊት ለሚሄደው ዘንግ ይሰጣል። ፊተኛው ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው) ጋ ደግሞ በሌላ ጊዜ ተለያይቶ የሚኖር አክስል፣ ማለትም ወደ ጎማው የሚሄድ ዘንግ፣ አለ፤ እሱም መገናኘት አለበት። የኔ መኪና ላይ ይህን የሚሠራው ቫኪዩም ነው። በቀጭን የጎማ ቱቦ አየር ይሳባል፣ መግፊያው ይንቀሳቀሳል፣ አክስሉ ይገጥማል። እዚያው ያለች ትንሽ ስዊች መግጠሙን ስታውቅ መብራቷ ትረጋለች። ብልጭ ድርግም ካለች ግማሹ ገብቷል፣ ግማሹ ቀርቷል ማለት ነው። እኔ በእጄ ያመንኩት የመጀመሪያውን ግማሽ ነበር። መብራቷ ሳምንት ሙሉ እውነቱን ስትነግረኝ እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

ፊውዙን አየሁ፣ ደህና ነው። ከዚያ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፌ፣ ሞተሩን አስነስቼ፣ ፎር ዊሉን አስገብቼ፣ ዲፈረንሻሉ ላይ የሚሰካውን ቱቦ ነቀልኩና ጣቴን አፉ ላይ አደረግሁ። መሳብ ነበረበት። ምንም የለም። ቱቦውን በእጄ እየዳበስኩ ወደ ሞተሩ ስከተል፣ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ደርቆ ተሰንጥቋል። አዲስ አበባ ስወርድ ሶማሌ ተራ ቁራሽ ቱቦ ገዛሁ። ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም። ቀየርኩት፣ መብራቷ ቀጥ አለች።

ቱቦው በደንብ እየሳበ መብራቷ ካልረጋች ግን ወደ ስዊቿ ሂዱ። ሶኬቷን ነቅላችሁ እዩት። ጭቃና ውሃ ገብቶ አረንጓዴ ዝገት ይሠራል። ቴስተር ያለው ሰው ካለ ሽቦው መቆረጥ አለመቆረጡን ወዲያው ያያል።

መስከረም ላይ ሌላ ጣጣ መጣ። ፎር ዊሉን አውጥቼ መብራቷ አልጠፋ አለች። ይሄኛው የራሴ ጥፋት ነው። ከጭቃው ወጥቼ ደረቅ አስፋልት ላይ ሳላወጣው ተጣጥፌ ነድቻለሁ። መታጠፊያ ላይ የፊትና የኋላ ጎማዎች እኩል መንገድ አይሄዱም። ጭቃ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ልዩነቱን ይውጠዋል። አስፋልት ላይ መሄጃ ስለሌለው ማርሹ ውስጥ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ጥርሶቹም አልላቀቅ ይላሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ቀጥ ብሎ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ መንዳት። ቀጭ ብሎ ይላቀቃል፣ መብራቷም ትጠፋለች። እኔ በዚያ ላይ ሁለት አዲስ ጎማ ከፊት ብቻ ገጥሜ ነበር፤ የተበላና አዲስ ጎማ በአንድ ዙር የሚሄዱት ርቀት ስለማይገጥም ጉዳዩን ያባብሰዋል።

የመኪናዬ መመሪያ መጽሐፍ በወር ቢያንስ አንዴ 16 ኪሎ ሜትር ያህል በፎር ዊል ንዳ ይላል፤ ዘይቱ ፊተኛው ማርሽ ድረስ እንዲደርስ። አሁን በጋም ቢሆን ኮረኮንቹ ላይ ስደርስ አስገባዋለሁ፣ አስፋልት ሳይደርስ አወጣዋለሁ።

መኪናዋን እንደገና ልግዛት ብባል እገዛታለሁ፤ የኋላ ወንበሯን ግን ለጠላቴም አልመኝም። አንድ የቀረኝ ነገር፣ በብርድ ጠዋት መብራቷ ለመርጋት ትንሽ ትዘገያለች። ቫኪዩሙን ከሚከፍቱና ከሚዘጉት ሁለት መክፈቻዎች አንዱን ጠርጥሬያለሁ። ከበዓሉ ገበያ በኋላ እፈታዋለሁ።