የአሮጌ መኪናን ኢሚሽን ለማሳለፍ የገዛሁት ስካነር፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

በሰሜን ቨርጂኒያ የምንኖር የአሮጌ መኪና ባለቤቶች በየ2 ዓመቱ ኢሚሽን (የመኪና ጭስ ብክለት ፍተሻ) ካላሳለፍን የመኪናችንን ምዝገባ ማደስ አንችልም። ከ1996 ወዲህ የተሠራ የቤንዚን መኪና የሚፈተነው በራሱ ኮምፒውተር በኩል ሲሆን፣ ፈታሹ ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ላይ መሣሪያውን ሰክቶ የተመዘገበውን ያነባል። የ2006 ኮሮላዬ የቼክ ኢንጂን መብራት በበራ ጊዜ እኔም በዚያው ሶኬት ላይ የሚሰካና በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ፣ ከ30 ዶላር ያልበለጠ ስካነር ገዛሁ። ብዙ ሰው ይህን ዕቃ የሚገዛው ኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ምልክት፣ ለማጥፋት ነው፤ ለእኔ ግን ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ያነበበው ኮድ ፒ0420 ነበር፤ ይህም ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ የጭሱን መርዝ በሚፈለገው መጠን እያጣራ አይደለም ማለት ነው። አንድ ጋራዥ ወዲያውኑ ኮንቨርተሩ ይቀየር አለኝ። ኮንቨርተር በውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ስላለበት ውድ ነው፤ የፌዴራሉ የ8 ዓመት ወይም የ80,000 ማይል ዋስትናም እንደ እኔ ላለ መኪና ካበቃ ቆይቷል። ስለዚህ ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት ሞተሩ እየሠራ ቁጥሮቹን በስልኬ ላይ ተከታተልኩ። ሞተሩ ሞቆ በእኩል ፍጥነት ሲነዳ፣ ከኮንቨርተሩ በስተኋላ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ከ0.6 እስከ 0.7 ቮልት ገደማ ረግቶ መቆየት ሲገባው፣ የእኔ ከ0.1 እስከ 0.8 ይዋዥቅ ነበር። ይህ ብቻውን ኮንቨርተሩን ጥፋተኛ ያደርጋል ብዬ አልደመደምኩም፤ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ከሥር የሚሰማ ቀጭን የቲክ ቲክ ድምፅ ነበረና። መኪናው ሲነሣ ከሴንሰሩ በፊት ባለው የማርሚታው መጋጠሚያ ላይ፣ ጋስኬቱ በተበላበት በኩል፣ ጥቁር የጥላሸት መስመር ታየ። በዚያ ቀዳዳ የሚገባው አየር ሴንሰሩን ያሳስተው ነበር። ጋስኬቱና ብሎኖቹ ሲቀየሩ ቮልቴጁ ረጋ።

ከዚያ በኋላ ኮዱን አጠፋሁት፤ የዕቃው ዋና ጥቅም የታየኝም እዚህ ላይ ነው። ኮድ ሲጠፋ ወይም የባትሪ ገመድ ሲነቀል፣ ኮምፒውተሩ ራሱን የሚፈትሽባቸው ሞኒተሮች ሁሉ ካልተጠናቀቁት ተርታ ይመለሳሉ። ከ2001 ወዲህ ለተሠራ የቤንዚን መኪና የሚፈቀደው አንድ ያልተጠናቀቀ ሞኒተር ብቻ ሲሆን፣ ከ1996 እስከ 2000 ለተሠሩት ሁለት ይፈቀዳል። በመሆኑም መብራቱን አጥፍቶ በዚያው ቀን ወደ ጣቢያ የሚሄድ ሰው መኪናው ጤናማ ቢሆንም እንኳ ይመለሳል። ስካነሩ ግን የትኛው ሞኒተር እንደቀረ በግልጽ ያሳያል። የኮንቨርተሩ ሞኒተር በሀይዌይ ላይ ፍጥነትን ሳይለዋውጡ ረዘም አድርጎ በመንዳት ተጠናቀቀ። የነዳጅ ትነት ሞኒተር የዘገየው ከሁሉም በላይ ነበር፤ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ መቀዝቀዝ አለበት፣ ሰልባቲዮውም ሞልቶ ወይም ባዶ ሊሆን ሲቃረብ ፍተሻው አይጀመርም። እኔ ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ እያደረግሁ ቆየሁና ሁሉም ሲጠናቀቅ ወደ ጣቢያው ሄድኩ፤ መኪናው አለፈ።

ድክመቶቹንም መናገር ተገቢ ነው። የብሉቱዝ ግንኙነቱ አልፎ አልፎ ይቋረጣል፤ ከዕቃው ጋር የመጣው አፕ የቮልቴጁን ግራፍ ለማሳየት ተጨማሪ ክፍያ ስለጠየቀኝ ሌላ አፕ መጠቀም ነበረብኝ። አይፎን ያላችሁ ዕቃው ለአይፎን እንደሚሠራ ሳታረጋግጡ አትግዙ፤ ብዙዎቹ ርካሽ ዓይነቶች የሚሠሩት ከአንድሮይድ ጋር ብቻ ነው። የኤርባግና የኤቢኤስ ኮዶችን የእኔው አያነብም። ተሰክቶ ሲቆይም ከባትሪው ጥቂት ኤሌክትሪክ ስለሚስብ፣ መኪናው ለቀናት የሚቆም ከሆነ ነቅዬ አስቀምጠዋለሁ። አሁን በየወሩ የምሰካው የነዳጅ ማስተካከያውን ቁጥር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ነዳጁን በስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ፣ ለማየት ነው፤ ከ10 በመቶ በላይ ካልሄደ፣ አየር የሚያስገባ አዲስ ቀዳዳ አለመኖሩን ከሌሎች ምልክቶች ጋር አገናዝቤ እረዳለሁ።