ካምፐር ለሚጎትት ፒክአፕ የፍሬን መቆጣጠሪያ፦ ስለ ቴኮንሻ ፕሮዲጂ ፒ3

በአሜሪካ ካምፐር፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት የጉዞ ማደሪያ፣ ለመግዛት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው ፒክአፑ ስንት ፓውንድ መጎተት እንደሚችል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም የተንቀሳቀሰ ክብደት መቆምም አለበት፤ የማስቆሙን ነገር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እዚህ ኮሎራዶ በምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከልም ካምፐር በተነሳ ቁጥር የተሳቢ ፍሬን መቆጣጠሪያ፣ ብዙዎቻችን ብሬክ ኮንትሮለር የምንለው መሣሪያ፣ የግድ ነው ወይስ ትርፍ ወጪ የሚለው ክርክር ይከተላል። እኔ በቶዮታ ታኮማ ላይ ቴኮንሻ ፕሮዲጂ ፒ3 የተባለውን መቆጣጠሪያ አስገጥሜ፣ ዕቃና ውኃ ሲጫን ወደ 4,500 ፓውንድ ወይም 2,040 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ባለ ሁለት አክስል፣ ማለትም አራት ጎማ ያለው፣ ካምፐር እጎትትበታለሁ። ካምፐሩ የኤሌክትሪክ ፍሬን ካለው መቆጣጠሪያው የግድ ነው የሚል አቋም አለኝ፤ ምክንያቱን ከመሣሪያው ግምገማ ጋር አቀርባለሁ።

የካምፐር ፍሬን ከመኪናው ፍሬን ጋር በዘይት ቱቦ አይገናኝም። በእያንዳንዱ ጎማ ድራም ውስጥ አንድ የኤሌክትሪክ ማግኔት አለ። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ከሚሽከረከረው ድራም ገጽ ላይ ይጣበቅና አብሮ ሊዞር ሲል የተያያዘበትን ዘንግ ይገፋል፤ ዘንጉም የፍሬን ሸራዎቹን ከፍቶ ከድራሙ ጋር ያፋትጋቸዋል። ይህን ኤሌክትሪክ መጥኖ የሚልከው መቆጣጠሪያው ነው። መቆጣጠሪያ በሌለበት ሾፌሩ ፔዳሉን የቱንም ያህል ቢረግጥ ማግኔቱ ጋ የሚደርስ ነገር ስለሌለ፣ የካምፐሩ ፍሬን እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ብዙ ሰው የሚያታልለው የመብራቱ ነገር ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የካምፐሩ የኋላ ቀይ መብራት ስለሚበራ ፍሬኑም አብሮ የያዘ ይመስላል፤ የመብራቱ መስመርና የፍሬኑ መስመር ግን የተለያዩ ናቸው። ከመኪናው ኋላ የካምፐሩ መሰኪያ የሚገባበት ሰባት መገናኛ ያለው ሶኬት መኖሩም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሶኬቱ ለፍሬን የተመደበ ቦታ አለው፤ ከመኪናው ውስጥ በሰማያዊው ሽቦ ኃይል የሚልክ መቆጣጠሪያ ካልተገጠመ ግን ቦታው ባዶ ነው።

ካምፐሩን የሸጠልኝ ሰው፣ ታኮማው ከ6,000 ፓውንድ በላይ የመጎተት አቅም እንዳለው ጠቅሶ፣ ለ4,500 ፓውንድ ተጨማሪ መሣሪያ አያስፈልግም ብሎኝ ነበር። እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጥ ሻጭ ገዢውን ለከባድ አደጋ ያጋልጣል። አምራቹ የሚያወጣው የመጎተት ቁጥር ከባድ ተሳቢ የራሱ የሚሠራ ፍሬን እንዲኖረው ታስቦ የወጣ ነው። ታኮማው ከነቤተሰቡና ከነዕቃው ከካምፐሩ ብዙም የማይበልጥ ክብደት ስላለው፣ የካምፐሩ ፍሬን ካልሠራ የመኪናው አራት ፍሬኖች ለራሳቸው ከተሠሩበት ክብደት ወደ እጥፍ የሚጠጋውን እንዲያስቆሙ ይገደዳሉ። ፍጥነት ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ በሰዓት ከ30 ማይል ወደ 60 ማይል ሲታለፍ ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም፤ ገደቡ ግን ከግዛት ግዛት ይለያያል። በኮሎራዶና በቨርጂኒያ ጠቅላላ ክብደቱ 3,000 ፓውንድ የደረሰ ተሳቢ ፍሬን ሊኖረው ይገባል፤ በቴክሳስ ገደቡ 4,500 ፓውንድ ሲሆን፣ በካሊፎርኒያ ለካምፕ ተሳቢዎች ወደ 1,500 ፓውንድ ይወርዳል። እረፍት ላይ ያለ ቤተሰብ የግዛት ድንበር አቋርጦ ስለሚሄድ ጥብቁን ገደብ መከተል ይሻላል። የመኪናው አምራች ከሕጉ ያነሰ ገደብ ሊያስቀምጥ ስለሚችልም በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ስለ መጎተት የተጻፈውን ክፍል ማንበብ ያስፈልጋል።

እኔን ከሕጉ በላይ ያሳመነኝ መንገዱ ነው። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ በአይ-70 አውራ ጎዳና ሲኬድ የአይዘንሃወር ዋሻ ከባሕር ጠለል 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ከዋሻው ወደ ሲልቨርቶርን የሚወርደው ቁልቁለት 7 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ፍሬናቸው እምቢ ላላቸው የጭነት መኪናዎች የተዘጋጁ የማምለጫ መውጫዎች ከመንገዱ ዳር አሉት። የአባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ በጭነት መኪና የወረደ ሰው፣ ሾፌሩ ለምን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ እንደሚቀንስና ፍሬኑን ለምን እንደሚቆጥብ ያውቃል፤ እዚህም ያው ነው። መቆጣጠሪያው የሞተርን ፍሬን አይተካም። ዝቅተኛ ማርሽ ውስጥ ገብቶ፣ ፍሬኑን ለአጭር ጊዜ ጠበቅ አድርጎ ይዞ መልቀቅ፣ ከዚያም ድራሞቹ እስኪቀዘቅዙ መታገሥ አሁንም የሾፌሩ ሥራ ነው። መቆጣጠሪያው ያንን አጭር አያያዝ በስምንት ጎማ ላይ ያከፋፍለዋል፤ ያለ እርሱ ሙቀቱ ሁሉ በመኪናው አራት ጎማ ላይ ይከመራል።

ወደ መሣሪያው ስመጣ፣ ገበያው ላይ ያሉት መቆጣጠሪያዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን በጊዜ የሚሠራ ነው፤ ፔዳሉ በቀስታም ተረገጠ በኃይል፣ አስቀድሞ በተስተካከለለት ልክ የካምፐሩን ፍሬን እየጨመረ ይሄዳል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በትራፊክ መብራት አካባቢ ቀስ ብሎ ለሚቆም ሰው ካምፐሩ ከኋላ ይጎትተዋል፤ ድንገት ለሚቆም ሰው ደግሞ ይዘገይበታል። ሁለተኛው ወገን ተመጣጣኝ የሚባለው ነው፤ በውስጡ ያለው የእንቅስቃሴ መለኪያ መኪናው ምን ያህል ፍጥነት እየቀነሰ እንደሆነ ለክቶ በዚያው መጠን ለካምፐሩ ኃይል ይልካል። ፕሮዲጂ ፒ3 ከሁለተኛው ወገን ነው። ከአንድ እስከ አራት አክስል ያላቸውን ተሳቢዎች ያስተናግዳል፤ ከተራው የኤሌክትሪክ ፍሬን ሌላ በኤሌክትሪክ ታዝዞ በዘይት ከሚሠራውም ጋር ይስማማል። በመንገድ ላይ ልዩነቱ የሚታወቀው አንገት ላይ ነው፤ ሲቆም ካምፐሩ ከኋላ አይገፋም፣ ወደ ኋላም አይጎትትም፤ ሁለቱ እንደ አንድ አካል ይቆማሉ።

ይህ ውጤት ግን የሚገኘው መሣሪያው በትክክል ሲሞላ፣ ማለትም የሚልከው ኃይል ለካምፐሩ ልክ ሲስተካከል፣ ነው፤ ብዙ ቅሬታም የሚመነጨው ከዚህ ይመስለኛል። አሞላሉን በዝርዝር ላስረዳ። ካምፐሩ ለጉዞ በሚሆንበት ክብደት ተጭኖ፣ ሰፊ፣ ደረቅና ሜዳ የሆነ ቦታ ይመረጣል። በሰዓት 25 ማይል ወይም 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተነዳ፣ የመኪናው ፔዳል ሳይረገጥ፣ በመሣሪያው ላይ ያለው የእጅ ማንሸራተቻ እስከ መጨረሻው ይገፋል። በዚህ ጊዜ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ለካምፐሩ የሚላከው የኃይል መጠን ነው። ካምፐሩ መያዙ ደካማ ከሆነ በጎን ያለውን ጥርስ ያለው መዘውር በትንሹ ከፍ አድርጎ መድገም ነው። ጎማዎቹ መሽከርከር አቁመው መንሸራተት ሲጀምሩ ልኩ አልፏልና ትንሽ ይቀነሳል። ከመቆለፉ ጥቂት ዝቅ ያለው ነጥብ ትክክለኛው ነው። ዝናብ ሲዘንብ፣ መንገዱ ጠጠር ሲሆን ወይም የካምፐሩ የውኃ ታንክ ሲሞላና ሲጎድል ይህ ነጥብ ስለሚለወጥ፣ አንድ ጊዜ ተሞልቶ የሚረሳ ነገር አይደለም። ፒ3 እስከ አምስት የሚደርሱ አሞላሎችን በማኅደሩ ስለሚይዝ፣ ካምፐርም የዕቃ ተሳቢም በየተራ ለሚጎትት ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

ቡስት የሚባለው ቁልፍ ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ ፔዳሉ እንደተነካ ካምፐሩ ከመኪናው ትንሽ ቀድሞ እንዲይዝ ያደርጋል። ካምፐሩ ከመኪናው ከቀለለ የመጀመሪያው ደረጃ ወይም ጭራሽ ያለ ቡስት መንዳት ይበቃል፤ እኩል ወይም ከዚያ በላይ ሲመዝን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። እኔ በከተማ ውስጥ አጠፋዋለሁ፤ ወደ ተራራው ስወጣ አበራዋለሁ።

የእጅ ማንሸራተቻው ጥቅም በአሞላል ጊዜ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በነፋስ ወይም በአጠገብ ባለፈ ትልቅ መኪና ምክንያት ካምፐሩ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ቢጀምር፣ የመኪናውን ፍሬን መርገጥ ወይም መሪውን መጠምዘዝ ያባብሰዋል። እግርን ከነዳጁ አንስቶ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ማንሸራተቻውን በቀስታ መግፋት ካምፐሩን ብቻ ከኋላ ይዞ መስመሩን ያስተካክለዋል። ስለዚህ መሣሪያው የሚገጠምበት ቦታ ሳይታይ በእጅ የሚገኝ መሆን አለበት።

ስክሪኑ ከቀደሙት ሞዴሎች የተሻለ ነው። በምልክት ፋንታ ቃላት ይጽፋል፤ ቀለሙ ስለሚቀየርም በቀን ብርሃን የሚነበብ፣ በሌሊት ዓይን የማይወጋ አንዱን መምረጥ ይቻላል። ከሁሉ የወደድኩት የምርመራ ክፍሉን ነው፤ የባትሪውን፣ የፍሬን መብራቱንና ወደ ካምፐሩ የሚወጣውን ቮልቴጅ፣ እንዲሁም የሚሳበውን አምፔር ያሳያል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ የተለመደ ማግኔት ሙሉ ኃይል ሲያገኝ ከ3 እስከ 4 አምፔር ያህል ይስባል፤ አራት ማግኔት ያለው ካምፐር ከአራቱ በድምር ከሚጠበቀው ግማሹን ብቻ እየሳበ ከታየ፣ ሁለቱ ጎማዎች እየሠሩ አይደሉም ማለት ነው፤ ሽቦ ተቆርጧል ወይም ሶኬቱ ዝጓል። ወደ ጋራዥ ሳይኬድ እንዲህ ያለ መረጃ ማግኘት ገንዘብም ሕይወትም ያድናል።

ድክመትም አለው። አካሉ ትልቅ ነው፤ ከመኪናው አቅጣጫ ጋር ትይዩ ሆኖ ከዳሽቦርድ ስር መቀመጥ ስላለበት በጠባብ ጋቢና ውስጥ ከጉልበት አጠገብ ይውላል። ለዚህ የሚጨነቅ ሰው የአውስትራሊያውን ሬድአርክ ቶው-ፕሮ ኤሊትን ይመልከት፤ ዋናው አካል ተደብቆ ዳሽቦርድ ላይ የምትታየው አንዲት መዘውር ብቻ ናት። ከርት ኤኮ የተባለው ደግሞ ከኋላው ሶኬት ላይ ተሰክቶ በስልክ የሚታዘዝ ስለሆነ፣ መኪና ቶሎ ቶሎ ለሚቀያይር ሰው ይመቻል፤ እኔ ግን በቁልቁለት ላይ ስልክ ከምፈልግ እውነተኛ ቁልፍ በእጄ ብነካ እመርጣለሁ። ፒ3 ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው የሽቦ መስመር በመኪናው ሞዴል የሚለይ በመሆኑ ለብቻ መገዛት አለበት። ከ2016 እስከ 2023 የተሠሩት ባለ ስድስት ሲሊንደር ታኮማዎች የመጎተቻ ፓኬጅ ካላቸው፣ ከዳሽቦርዱ ስር የተዘጋጀ ሶኬት ስላላቸው ሥራው መሰካት ብቻ ነው። ሶኬት የሌለው መኪና ላይ ግን ከባትሪ የሚመጣ፣ ለአራት ማግኔት 20 አምፔር መከላከያ ያለው ጥቁር ሽቦ፣ ለመሬት ነጭ፣ ለፍሬን መብራት ቀይ፣ ለካምፐሩ ሰማያዊ መዘርጋት ያስፈልጋል፤ ይህን ባለሙያ ቢሠራው ይሻላል። እኔ ስገዛው መሣሪያው ከ200 ዶላር በታች ነበር።

መቆጣጠሪያ የማያስፈልገው ሰውም አለ። ፍሬን የሌላት ትንሽ ካምፐር የምትጎተት ከሆነ መሣሪያው የሚያዘው ነገር የለውም። ብዙ የጀልባ ተሳቢዎችና ከግዛት ወደ ግዛት ስንዛወር የምንከራያቸው ትልልቅ የዕቃ ተሳቢዎች፣ መኪናው ሲቆም ተሳቢው ወደ ፊት በመገፋቱ ብቻ የሚይዝ የዘይት ፍሬን ስላላቸው ያለ መቆጣጠሪያ ይሠራሉ። ፋብሪካው መቆጣጠሪያውን በዳሽቦርዱ ላይ የገጠመለት ፒክአፕ ያለው ሰውም ሌላ መግዛት የለበትም።

መሣሪያውን የገዛ ሰው ደግሞ የካምፐሩን የራሱን ፍሬን አይርሳ። አዲስ ካምፐር ከመጀመሪያው 200 ማይል በኋላ፣ ከዚያም በየ3,000 ማይሉ ሸራው ከድራሙ ጋር ያለው ርቀት መስተካከል እንዳለበት የአክስል አምራቹ ዴክስተር ያዛል። ሸራው ከራቀ በስክሪኑ ላይ ቁጥሩ የቱንም ያህል ቢጨመር ካምፐሩ አይይዝም። ካምፐሩ ከመኪናው ቢላቀቅ ራሱን የሚያስቆምበትን ማብሪያም ከጉዞ በፊት መፈተን ያስፈልጋል። ከመቆጣጠሪያው ጋር የማይገናኝና በካምፐሩ ባትሪ ብቻ የሚሠራ በመሆኑ፣ የካምፐሩ መሰኪያ ከመኪናው ተነቅሎ የማብሪያው ፒን ይመዘዛል፤ መኪናው ቀስ ብሎ ወደ ፊት ሲሄድ የካምፐሩ ጎማዎች ከተቆለፉ ባትሪውም ማብሪያውም ደህና ናቸው። ከዚያም ፒኑ ሳይዘገይ ይመለስ፤ ለረጅም ጊዜ ከተተወ ማግኔቶቹ ይሞቃሉ፣ ባትሪውም ያልቃል።